ሌባው ከታወቀ በኋላ

በአውሮጳና በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ እጅግ ከሚወደዱት ልብ ወለድ ታሪኮች አንዱ ወገን፣ የተሰወረውን ወንጀል እየመረመረ የሚገልጠው ታሪክ ነው። በዚህም ወገን ውስጥ ራሱን የቻለ አንድ ለስላሳ ዓይነት አለ። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ወንጀል ይሠራል፤ ዳሩ ግን ደሙ ሲፈስ አይታይም። መርማሪውም ሽጉጥ የታጠቀ የፖሊስ ሹም ሳይሆን፣ ሹራብ እየሠራች በመስኮቷ አጠገብ የምትቀመጥ ባልቴት ወይም የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው። ነገሩ የሚፈጸመው ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። አንባቢውም መጽሐፉን የሚይዘው ከእራት በኋላ ልቡን ለማሳረፍ እንጂ ለመደንገጥ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ስሟ የገነነው እንግሊዛዊት አጋታ ክሪስቲ፣ ሚስ ማርፕል የተባለችውን መርማሪ ባልቴት ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሙሉ መጽሐፍ ያቀረበችው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። በዚያ መጽሐፍ ግድያው የሚፈጸመው በአንድ የገጠር ቄስ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ታሪኩንም የሚተርከው ቄሱ ራሱ ነው። ከእርሷ በኋላ የተነሡት ጸሐፊዎች ነገሩን ወደ ልዩ ልዩ ሙያ አዛወሩት። አንዱ መርማሪውን ዳቦ ጋጋሪ፣ ሌላው መጽሐፍ ሻጭ አደረገው። ከሁሉ ይልቅ ግን ለዚህ ዓይነት ታሪክ ተስማሚ ሆኖ የተገኘው የጥንት ዕቃ ንግድ ነው። ጆናታን ጋሽ እ.ኤ.አ. በ1977 በጀመረው ተከታታይ ታሪክ ላቭጆይ የተባለ ነጋዴ አለ። ይህ ሰው ጠባዩ የተቃና ባይሆንም፣ እውነተኛውን የጥንት ዕቃ ከተመሳሳዩ በሰውነቱ ስሜት ይለያል። አሜሪካዊት ጄን ክሌላንድም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ባወጣቻቸው መጻሕፍት፣ ጆሲ ፕሬስኮት የምትባል የጥንት ዕቃ ገማች የሙያዋን ዕውቀት ለወንጀል ምርመራ ስታውለው ታሳያለች።

የጥንት ዕቃ ንግድ ለዚህ ታሪክ የተመቸበት ምክንያት አለው። አንድ ኩንታል ጤፍ የማን እርሻ እንዳበቀለው ሳይጠየቅ ይሸጣል፤ የጥንት ዕቃ ግን ዋጋው ከታሪኩ ጋር ነው። ማን ሠራው? ለማን ሠራው? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ተላለፈ? ይህ ሁሉ ተመርምሮ ነው ዕቃው የሚገመተው። እንግዲህ ዕቃ እንደ ሰው የትውልድ ሐረግ አለው ማለት ነው። ሐረጉ ሳይቋረጥ የተቈጠረለት ዕቃ ያለ ፍርሃት ይገዛል። ሐረጉ በመካከል የተበጠሰ እንደ ሆነ ግን፣ በተበጠሰበት ቦታ ላይ ሐሰት ወይም ስርቆት ተደብቆ እንደ ሆነ ይጠረጠራል። መርማሪዋም የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ ከሣጥኑ ሥር ያለውን ማኅተም፣ የነጋዴውን የሒሳብ መዝገብ፣ በአሮጌ ፎቶግራፍ ዳር የሚታየውን ዕቃ እያስተያየች የተበጠሰውን ሐረግ ትቀጥላለች።

የእነዚህን መጻሕፍት ሕግ የለመደ አንባቢ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ ያውቃል። አንደኛው፣ ዕቃው የጠፋው ከሩቅ በመጣ ወንበዴ ሳይሆን በቅርብ በሚታወቅ ሰው እጅ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ያ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የተከበረውና ማንም የማይጠረጥረው መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ በመጨረሻው ምዕራፍ ሌባው ታውቆ ዕቃው ወደ ባለቤቱ መመለሱ ነው። አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ በሰላም የሚተኛውም በዚህ በሦስተኛው ነገር ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ በደብረ ታቦር ከተማ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ግን እንደ ሎንዶን ወይም እንደ ቦስተን አንባቢ በሰላም ለመተኛት አይችልም። የጥንት ዕቃ፣ የተበጠሰ ሐረግ፣ የተከበረ ተጠርጣሪ፣ ሐራጅ፣ ይህ ሁሉ ለእርሱ ልብ ወለድ አይደለም። ዕቃው በአገሩ መንገድ አልፏልና።

ከከተማው ጥቂት ራቅ ብሎ ጋፋት ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓመተ ምሕረት፣ ከስዊስ አገር ከክሪሾና የወንጌል ማኅበር የተላኩትንና ከሌላም አገር የመጡትን ባለ እጆች ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩላቸው ያዘዙት በዚህ ስፍራ ነው። ከባለ እጆቹ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ የዚያን ጊዜውን ኑሮ ገልጦታል። ሴባስቶፖል የተባለው ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ታላቅ መድፍ የፈሰሰውም በጋፋት ነው። ጋፋት በታሪክ የሚነሣው በዚህ በመሥራቱ ሲሆን፣ ደብረ ታቦር ግን በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ይሰበሰብባት ነበር። በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ በጐንደር ላይ ተቈጥተው ከተማዪቱን ባጠፉ ጊዜ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተወሰደው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ወደ ደብረ ታቦር መጣ። ዐሳባቸውም በመቅደላ ለሚያቆሙት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታላቅ የመጻሕፍትና የዕቃ ግምጃ ቤት ማበጀት ነበር።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን በእሳት አቃጥለው፣ ጭፍራቸውንና መድፋቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ሴባስቶፖልን በገደሉና በሸለቆው ለማሳለፍ መንገድ እየተጠረገ፣ ጉዞው እስከ መጋቢት ድረስ ብዙ ወራት ፈጀ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የሆነው ነገር የሚያስገርም ነው። በጋፋት የተሠራው ከባዱ መድፍ የሚያነሣው ጠፍቶ እስከ ዛሬ በመቅደላ ቀርቷል፤ በአንድ ሰው ብብት ሊያዝ የሚችለው ትንሹ የእንጨት ሥዕል ግን ባሕር ተሻግሮ ሄደ።

መቅደላ የተያዘችውና ንጉሡም ራሳቸውን የገደሉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም በአውሮጳ አቈጣጠር 13 አፕሪል 1868 ነው። የእንግሊዝ ወታደሮች ግምጃ ቤቱንና ቤተ ክርስቲያኑን በዘበዙ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ። በዚያም ሁለት ቀን ሙሉ ሐራጅ ተባለ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። በልብ ወለዱ መጽሐፍ የታሪኩ መነሻ ብዙ ጊዜ በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚደረግ ሐራጅ ነው። የኢትዮጵያም ጥንታዊ ዕቃ በአውሮጳ ገበያ በብዛት መታየት የጀመረው ከደላንታው ሐራጅ ወዲህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በዚያ ሐራጅ ከሁሉ ይልቅ የገዛው ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ይባላል። እርሱም የብሪቲሽ ሙዚየም የብራና መጻሕፍት ክፍል ረዳት ሆኖ ሳለ፣ ጥንታዊ ዕቃ እንዲመረምርና እንዲሰበስብ ከጦሩ ጋር የተላከ ነው። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ለሙዚየሙ ገቡ። ከአንድ ወታደር እጅም የወርቅ አክሊልና የወርቅ ጽዋ በ4 ፓውንድ ገዛ። በልብ ወለድ ዓለም ሆልምስ የሚለው ስም የተሰወረውን ሁሉ የሚገልጠው የሼርሎክ ሆልምስ ስም ነው፤ እርሱም በመጽሐፍ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። የመቅደላው ሆልምስ ግን አንድ ነገር ገልጦ ሳይሆን ሰውሮ ነበር።

ያም የሰወረው ነገር ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው ሥዕል ነው። ሥዕሉ ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ትንሽ የእንጨት ሠሌዳ ሲሆን፣ ስሙም አይሁድና ጭፍሮች ራሱን በዘንግ የመቱበትን መከራ ያስባል። የአውሮጳ ሊቃውንት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወይም በ16ኛው መጀመሪያ በፍላንደርስ ወይም በፖርቱጋል ሠዓሊ እጅ የተሣለ ነው ይላሉ። በኢትዮጵያ ግን በወንጌላዊው በሉቃስ እጅ እንደ ተሣለ እየተነገረ ሲከበር ኖሯል። የጐንደር ነገሥታት ወደ ዘመቻ ሲሄዱ ይዘውት ይወጡ፣ መኳንንቱም በፊቱ ይምሉ ነበር። በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ጦር ድል በሆኑ ጊዜ ሥዕሉ ተማርኮ፣ ኋላ በወርቅ ተቤዥቶ ወደ ጐንደር ተመለሰ። የጐንደር ሠዓሊዎችም መልኩን እያዩ ብዙ ጊዜ ቀድተውታል፤ ከዋናው ርቆ የሚኖር ካህን እንኳ መልኩን ከቅጂዎቹ ያውቀዋል።

ሆልምስ በመቅደላ በንጉሡ ማደሪያ ያገኘው ይህንን ሥዕል ነው። ሌላውን ሁሉ ለሙዚየሙ ሲያስረክብ፣ ይህን ግን ለራሱ አስቀረ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወደ እንግሊዝ ንግሥት ወደ ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው፣ ከተወሰደው ሀብት ሁሉ መካከል ሁለት ነገር ብቻ እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ አንዱ ክብረ ነገሥት የተባለው መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ኵርዓተ ርእሱ። ሙዚየሙ ክብረ ነገሥትን መለሰ። ስለ ሥዕሉ ግን የመጣው መልስ፣ ፍለጋው ጨርሶ እንዳልተገኘና ወደ እንግሊዝ አገርም የመጣ እንደማይመስል የሚገልጥ ነበር። ንግሥቲቱ እያወቀች ዋሸች ለማለት ማስረጃ የለም። ሆልምስ ግን ከሁለት ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1870፣ በዊንድሰር ግንብ የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ሹም ሆኖ ተሾሞ ነበር። ከኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት የተጠየቀው ሥዕል፣ ደብዳቤው የተላከላት ንግሥት በምታምነው ሹም እጅ ተቀምጦ ነበር። ይህን ነገር አንድ ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው፣ መገጣጠሙ በዛ ተብሎ በተነቀፈ ነበር።

ምሥጢሩ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። በዚያ ዓመት በርሊንግተን ማጋዚን የተባለው የሎንዶን የኪነ ጥበብ መጽሔት፣ ከኢትዮጵያ የመጣ የፍላንደርስ ሥዕል ነው ብሎ ምስሉን አሳተመ። ነገር ግን ጠያቂው ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ካለፉ ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር። ሆልምስ እ.ኤ.አ. በ1911 ሞተ። ሥዕሉም እ.ኤ.አ. በ1917 በሎንዶን በታወቀው በክሪስቲ የሐራጅ ቤት ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 እንደ ገና በዚያው ቤት ለሐራጅ ቀርቦ፣ ሉዊስ ሬይስ ሳንቶስ የተባለ የፖርቱጋል የሥዕል ታሪክ ሊቅ ገዛው። ከዚህም በኋላ ከሕዝብ ዓይን ተሰወረ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1998 አርት ኒውስፔፐር የተባለው ጋዜጣ የሥዕሉን ዱካ ከእጅ ወደ እጅ ተከትሎ፣ በፖርቱጋል በግለሰብ ይዞታ መገኘቱን ከነቀለሙ ፎቶግራፍ ጋር ገለጠ።

እንግዲህ ሐረጉ ተቀጥሏል። ከጐንደር ነገሥታት ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከመቅደላ ወደ ሆልምስ፣ ከሆልምስ ወደ ሐራጅ ቤት፣ ከሐራጅ ቤት ወደ ፖርቱጋል። ወሳጁ ታውቋል፤ ቀኑ ታውቋል፤ ሸያጩና ገዢው ታውቀዋል። ሚስ ማርፕል ብትጠየቅ ከዚህ የበለጠ የምትጨምረው የላትም። በልብ ወለዱ ሕግ መሠረት እዚህ ላይ አንድ ምዕራፍ ብቻ ይቀራል፤ እርሱም ዕቃው ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት ነው። ይህ ምዕራፍ ግን አልተጻፈም። የአገራችን ሰው ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው እንዲህ ላለው ሀብት ነው።

የእነዚህ ጣፋጭ መጻሕፍት ጉድለት ያለው በዚህ ላይ ነው። ሌባው ከታወቀ ሁሉ ነገር የተፈጸመ አስመስለው ያስተምራሉ። በእውነተኛው ዓለም ግን ማወቅና መመለስ ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን የተማረ ሰው በመጻሕፍት ቤት ተቀምጦ ሊፈጽመው ይችላል። ሁለተኛው ግን ዕቃውን የያዘውን ሰው ፈቃድና ኅሊና ይጠይቃል። የያዘውም ሰው፣ እኔ አልሰረቅሁም፤ በሐራጅ በገንዘብ ከተገዛው ወረስሁ ሊል ይችላል። ዕቃው ብዙ እጅ ባለፈ ቍጥር ጥፋቱ ለሁሉም እየተከፋፈለ ያንሳል፤ እያንዳንዱም ድርሻው ኢምንት ሆኖ ይታየዋል። የጠፋበት ሰው ጕዳት ግን ተከፋፍሎ አያንስም።

ይህ ማለት ግን መልካም ፍጻሜ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ካህን አንድ ቍም ሣጥን ከፍተው ሲመለከቱ ከመቅደላ የመጣ ታቦት አገኙ። እኒህ ካህን ቀድሞ በኢትዮጵያ ኖረው ስለ ነበር ያዩት ነገር ምን እንደ ሆነና ለኢትዮጵያ ምእመናን ምን ያህል ክቡር እንደ ሆነ ዐወቁ። ቤተ ክርስቲያኒቱም ያለ ክርክር ለመመለስ ወሰነች፤ ታቦቱም በሚቀጥለው ዓመት ወደ አገሩ ገባ። ሌሎች 11 ታቦታት ግን በብሪቲሽ ሙዚየም ማንም እንዳያያቸው ተደርገው ተቀምጠዋል፤ ሙዚየሙ አያሳያቸውም፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለረዥም ዘመን ብትጠይቅም አልተመለሱላትም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በደቡብ እንግሊዝ በዶርሴት አውራጃ በምትገኝ በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ልክ በልብ ወለዱ እንደሚተረከው፣ ከመቅደላ የተወሰዱ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎች ለሐራጅ ሊቀርቡ ተዘጋጁ። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስለ ተቃወመ ከሐራጁ ወጡ፤ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅትም ገዝቷቸው ከሌሎች የመቅደላ ዕቃዎች ጋር በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ አስረከበ። በኤዲንብራ ዕቃውን የመለሰው የካህኑ ኅሊና ነው፤ በዶርሴት የባለቤቱ ጩኸት ነው። ባለቤቱ ዝም ቢል ኖሮ፣ ዋንጫዎቹ ዛሬ በአንድ ባለጸጋ መደርደሪያ ላይ በተደረደሩ ነበር።

በዚህ ነገር ሲከራከሩ አንዳንድ ሰዎች የሚያነሡት አንድ ብርቱ ጥያቄ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ይህን ሀብት ከጐንደር አብያተ ክርስቲያናት በግድ አልወሰዱምን? ታዲያ ከወሳጅ የወሰደ ምን ይባላል? ይህ ጥያቄ በተለይ በደብረ ታቦርና በጐንደር ለሚኖር ሰው ቀላል አይደለም። ንጉሡ የአገር አንድነት ጀግና ናቸው፤ የጐንደርን አድባራት ያቃጠሉም እርሳቸው ናቸው። ሁለቱም እውነት ነው። እውነትን የሚወድ ሰው አንዱን ለመጠበቅ ሲል ሌላውን አይሰውርም።

ዳሩ ግን ለጥያቄው ዕቃው ራሱ መልስ ይሰጣል። ሆልምስ በ4 ፓውንድ የገዛው የወርቅ ጽዋ በሎንዶን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በላዩም ላይ በግእዝ የተቀረጸው ጽሕፈት፣ ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ይኸውም እቴጌ ምንትዋብ፣ ለጐንደር ደብረ ፀሐይ ቍስቋም የሰጡት መሆኑን ይናገራል፤ የሠራውም ባለ እጅ ወልደ ጊዮርጊስ መሆኑን ያስታውቃል። ሰጪው፣ ተቀባዩና ሠሪው በወርቁ ላይ ተጽፈው ሳሉ፣ ባለቤቱ ማን ነው ብሎ መከራከር ከንቱ ነው። አንድ ወሳጅ በሌላ ወሳጅ ላይ መጨመሩ የቍስቋምን መብት አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሙዚየሙ የመቅደላን ዕቃዎች ለይቶ ባሳየ ጊዜ፣ የሙዚየሙ ዋና ኃላፊ ዕቃዎቹን ለኢትዮጵያ በረዥም ጊዜ ውሰት ለመስጠት እንደሚቻል ተናግረው ነበር። ስሙ በዕቃው ላይ የተቀረጸለት ባለቤት የገዛ ዕቃውን ይዋስ ማለት፣ በየትኛውም የነጋዴ መዝገብ የማይገኝ አዲስ ሥርዐት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ቁም ነገር የተጻፈ ስም የሚሰጠው ኀይል ነው። የቀድሞ አባቶቻችን ይህን አጥብቀው ያውቁ ነበር። በብራናው መጽሐፍ መጨረሻ ወይም በኅዳጉ፣ መጽሐፉ የየትኛው ደብር እንደ ሆነ ይጻፋል፤ የሰረቀውና የፋቀው ሰውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ይነገራል። የሰረቀው ከተባለ በኋላ የፋቀው መባሉን አንባቢ ያስተውል። መፋቅ ማለት የባለቤቱን ስም ከብራናው ማጥፋት ነው፤ ይኸውም የዕቃውን የትውልድ ሐረግ መበጠስ ነው። ዛሬም በአውሮጳ መጻሕፍት ቤቶች በሚገኝ የኢትዮጵያ ብራና ላይ የደብሩ ስም ተፍቆ ሲታይ፣ ቦታው ባዶ ሆኖ ሳለ ነገሩን ይመሰክራል።

በቅርብ ዘመን የሆኑ ሁለት ነገሮች ደግሞ ይህንኑ ያስረዳሉ። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ የወርቅ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ በቤልጅግ አገር ሰው እጅ ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ቦታው ተመልሷል። ያ መስቀል በዓለም የታወቀ ስለ ነበረ ማንም ሌላ ስም ሊያወጣለት አልቻለም። ሁለተኛው የደብረ ሊባኖስ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9000 የሚበልጡ መጻሕፍትን በፊልም አንሥቷል። ከእነርሱም አንዱ የሐዋርያው ጳውሎስንና የሰማዕቱ ሰራባሞንን ገድል የያዘ የደብረ ሊባኖስ ጥንታዊ ብራና ነበር፤ ከተነሣም በኋላ ከገዳሙ ጠፍቶ፣ በስጦታ በአሜሪካ አገር ወደ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሊቃውንት ብራናውን ከፊልሙ ጋር ሲያስተያዩ አንድ መሆኑ ታወቀ፤ ዩኒቨርሲቲውም እ.ኤ.አ. በ2016 ለገዳሙ መለሰ። በዚህ ታሪክ የጦፈ ክርክርና ፍርድ ቤት አላስፈለገም። መርማሪዋ ባልቴት የሠራችውን ሥራ አንድ ጥቅል ፊልም ሠራው።

እንዲህ ያለ መዝገብ የሌለው ደብር ግን ዕቃው ሲጠፋበት ምን ብሎ ይጠይቃል? መስቀል ጠፋን፤ ምን ዓይነት መስቀል? የቆየ። መጽሐፍ ጠፋን፤ ስንት ቅጠል ያለው? ብዙ። ይህን ብሎ ለሎንዶን የሐራጅ ቤት ደብዳቤ መጻፍ አይቻልም። በደቡብ ጐንደር ያሉት አድባራትና ገዳማት ደግሞ ሀብታቸው ብር ወይም ወርቅ ብቻ አይደለም። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም የድጓ መምህርነት የሚመሰከርባት ናት፤ ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት። በእነዚህ ቦታዎች አንድ መጽሐፍ ሲጠፋ የጠፋው ብራና ብቻ ሳይሆን፣ ደቀ መዝሙር ዜማውን የሚያርምበት፣ መምህር ክርክር የሚቈርጥበት ምስክር ነው። ገዢው ግን በሥዕሉ ወይም በዕድሜው ይገምተዋል እንጂ ይህን በዋጋው ውስጥ አይቈጥረውም።

የኢትዮጵያ መንግሥት በ1992 ዓ.ም. ባወጣው የቅርስ አዋጅ፣ ቍጥር 209፣ ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ደንግጓል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕግ ዕቃ ቤቱን ገብቶ አይቈጥርም። የሚቈጥረው ቄሰ ገበዙ፣ የሚጽፈው የደብሩ ጸሐፊ፣ የሚያስታውሰው የአጥቢያው ሽማግሌ ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ ቅጠሉ ተቈጥሮ፣ መስቀሉ ርዝመቱና ጽሕፈቱ ተመዝግቦ፣ ፎቶግራፉም ተነሥቶ አንድ ቅጂ በደብሩ፣ አንድ ቅጂ በሌላ ስፍራ ቢቀመጥ፣ ወጪው ለአንድ ዓመት ከሚገዛው ዕጣንና ሻማ የሚበልጥ አይደለም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ስለ ኵርዓተ ርእሱ እውነቱ ጠርቷል፤ ለመጥራትም 130 ዓመት ፈጅቷል። የቀረው የፍጻሜው ምዕራፍ በሌሎች ሰዎች ኅሊና ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ሊያደርግ የሚችለው ጥያቄውን ከዐፄ ዮሐንስ ደብዳቤ ወዲህ እንደ ተደረገው ሳያቋርጡ መጠየቅ ነው። ዛሬ በዕቃ ቤቱ በሰላም ስላለው መጽሐፍና መስቀል ግን የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግም። የእነዚህ የመጀመሪያው ምዕራፍ ገና አልተጻፈም፤ የሚጻፈውም በቄሰ ገበዙ እጅ ነው።